ዋጋው የት ይኖራል? ስለ ገጽ ኮምፖነንቶችና ስለ ዳታ ሞዴል የተደረገ ምልልስ

በጃቫስክሪፕት የሚሠራ የዌብ መተግበሪያ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ዳታ ሞዴሉ ነው፤ መተግበሪያው ስለ ሥራው የሚያውቀውን፣ ማለትም የዕቃውን ስም፣ ዋጋውን፣ ክምችቱን፣ ትእዛዙን ይይዛል። ሌላው ገጽታው ነው፤ ሰው የሚያየውና የሚነካው ዝርዝር፣ ቅጽና አዝራር ሲሆን ኮምፖነንት ከሚባሉ ክፍሎች ይገነባል። ሁለቱ በደንብ ሲተሳሰሩ ማንም ልብ አይለውም፤ ትስስሩ ሲላላ ግን ገጹ የሚያሳየውና መተግበሪያው የሚያውቀው ይለያያሉ። ይህ ምልልስ ትስስሩን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ምሳሌው በየካ ክፍለ ከተማ በሾላ ገበያ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ሰሊጥ ለሚሸጥ ሱቅ የሚዘጋጅ የትእዛዝ መቀበያ ገጽ ነው፤ ጠያቂዋ ገጹን የምትሠራ ተማሪ፣ መላሹ መምህሯ ናቸው። ዋጋዎቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ተማሪ፦ መምህር፣ የሱቁ ገጽ የበርበሬን ዋጋ አራት ቦታ ያሳያል፦ በዕቃዎች ዝርዝር፣ በዕቃው መግለጫ፣ በደንበኛዋ ዘንቢልና በባለሱቋ መቆጣጠሪያ። ዋጋ ሲለወጥ አራቱንም ቦታ ፈልጎ ጽሑፉን መቀየር አይበቃም?

መምህር፦ ዕቃውም ቦታውም ጥቂት እስከሆነ ድረስ ይበቃል። ብዙ ገጾች ለዓመታት የተሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጆን ሬሲግ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጄኬሪ የተባለው ላይብረሪ የተወደደውም አንድን የገጽ ክፍል ፈልጎ መለወጥን ስላቀለለ ነው። ችግሩ ዋጋው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ አሠራር ዋጋው የሚኖረው በገጹ ጽሑፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ድምር የሚያወጣው ፋንክሽን «600 ብር» የሚለውን ከገጹ አንብቦ፣ «ብር»ን ቆርጦ ጥሎ፣ የቀረውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ነገ የአጻጻፉ ቅደም ተከተል ቢቀየር ሒሳቡ ይበላሻል። አምስተኛ ቦታ ሲጨመርም ዋጋ የሚነካውን መስመር ሁሉ እየፈለጉ ማረም ግድ ይሆናል፤ አንዱ ከተረሳ ደንበኛዋ በዝርዝሩ 600 ብር ያየችውን በርበሬ በዘንቢሏ 650 ብር ሆኖ ታገኘዋለች። ገበያ ደግሞ በዋጋ ላይ ሁለት ቃል አይወድም።

ተማሪ፦ እንግዲያው ዋጋው የት ይኑር?

መምህር፦ ከገጹ ውጭ፣ በሞዴሉ ውስጥ፣ በአንድ ቦታ ብቻ። ሕጉ አጭር ነው፦ እያንዳንዱ እውነታ አንድ ቤት ይኑረው፤ ገጹ ከዚያ ያነብባል እንጂ የራሱን ቅጂ አይያዝ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ሕግ ዝርዝር ነው።

ተማሪ፦ ሐሳቡ ከጃቫስክሪፕት ጋር የመጣ ነው?

መምህር፦ ይቀድመዋል። ጃቫስክሪፕትን ብሬንዳን አይክ በኔትስኬፕ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኖርዌጂያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ ግን ሞዴልን፣ እይታንና ተቆጣጣሪን የሚለየውን አወቃቀር እ.ኤ.አ. በ1979 በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል በስሞልቶክ የፕሮግራም ቋንቋ ሥራ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። የአወቃቀሩ ዋና ነገር የጥገኝነቱ አቅጣጫ ነው። እይታው ሞዴሉን ያውቃል፤ ሞዴሉ ግን እይታዎቹ እነማን እንደሆኑ አያውቅም፤ ለተመዘገቡት ሁሉ «ተለውጫለሁ» ብሎ ማሳወቅ ብቻ ነው ሥራው። ስለዚህ አምስተኛ እይታ ሲጨመር ሞዴሉ አይነካም። ይህን አካሄድ ወደ ጃቫስክሪፕት ካመጡት ቀደምት ላይብረሪዎች አንዱ ጀረሚ አሽኬናስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ባክቦን ነው።

ተማሪ፦ አንድ ዋጋ በብዙ ቦታ መታየቱ በአገራችን ከዌብ ገጽ ውጭ ምሳሌ አለው?

መምህር፦ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዶክተር እሌኒ ገብረመድህን መሪነት በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ዋጋ የሚወሰነው በአዲስ አበባው የግብይት ወለል ነበር። የተወሰነው ዋጋ በየከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በአጭር የስልክ መልእክትና በ929 የስልክ መስመር ይሰራጭ ነበር። ሰሌዳው ዋጋ አያወጣም፤ የስልክ መስመሩም እንዲሁ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የተቀበሉትን በየራሳቸው መንገድ ያቀርባሉ፤ አንዱ በብርሃን ፊደል፣ ሌላው በድምፅ። የሱቁ ገጽ ኮምፖነንቶችም ከዋጋው ጋር ያላቸው ግንኙነት ይኸው መሆን አለበት።

ተማሪ፦ ሞዴሉ ሲጻፍ ምን ይይዛል?

መምህር፦ ለአንድ ዕቃ አራት ነገር ይበቃዋል፦ የማይለወጥ መለያ፣ ስም፣ የአንድ ኪሎ ዋጋና ክምችት። ዋጋው በሳንቲም፣ ክምችቱ በግራም፣ ሁለቱም በሙሉ ቁጥር ቢቀመጡ ይመረጣል። ምክንያቱም ጃቫስክሪፕት አሥርዮሽ ቁጥሮችን የሚይዘው በሁለትዮሽ ስሌት ስለሆነ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ ውጤቱ 0.30000000000000004 ይሆናል። 600 ብር 60,000 ሳንቲም ተብሎ፣ ሩብ ኪሎ 250 ግራም ተብሎ ሲቀመጥ ግን፣ 60,000 በ250 ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 15,000 ሳንቲም፣ ማለትም 150 ብር ይወጣል። «ብር» የሚለው ቃል፣ የሺህ መለያ ነጠላ ሰረዙና «ሩብ ኪሎ» የሚለው አባባል የእይታው ድርሻ ናቸው፤ ሞዴሉ ውስጥ አይገቡም።

ተማሪ፦ ዋጋው በሞዴሉ ሲለወጥ ኮምፖነንቱ እንዴት ያውቃል?

መምህር፦ ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሉ፦ እየዞሩ መጠየቅ፣ ሲለወጥ መስማትና ገጹን እንደ አዲስ ማስላት። የፍሬምወርኮች፣ ማለትም ገጽ የሚገነባባቸው ማዕቀፎች፣ ልዩነት በአብዛኛው ከሦስቱ የትኛውን መረጡ የሚለው ነው።

እየዞሩ መጠየቅን ያስፋፋው ሚሽኮ ሄቨሪ የጀመረው የጎግል አንጉላር ጄኤስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሕዝብ ወጣ። አዝራር ሲነካ ወይም ከሰርቨር መልስ ሲመጣ፣ በገጹ ላይ የታሰረውን እያንዳንዱን ዋጋ ከቀድሞው ጋር ያስተያያል። የተለወጠ ካለ ገጹን ያድስና እንደገና ይዞራል፤ አንዱ ለውጥ ሌላውን ሊያስከትል ይችላልና። በ10 ዙር ካልረጋ ስሕተት አሳይቶ ያቆማል። ለጸሐፊው ቀላል ነው፤ ሞዴሉ ተራ ኦብጀክት ስለሆነ የተለየ አጻጻፍ አይጠይቅም። የታሰሩት ቦታዎች ሲበዙ ግን አንዲት ለውጥ ሁሉንም ያስፈትሻል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕቃዎች ባሉበት ዝርዝር፣ አቅሙ ውስን በሆነ ስልክ ላይ መዘግየቱ ይታወቃል። ጎግል ለአንጉላር ጄኤስ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ አቁሟል።

ተማሪ፦ መስማትስ?

መምህር፦ በዚህ መንገድ እያንዳንዱ ዋጋ ማን እንዳነበበው ይመዘግባል። የዘንቢሉ ኮምፖነንት ድምሩን ሲያሰላ የበርበሬን ዋጋ ካነበበ፣ በዚያው ቅጽበት የዋጋው ተከታይ ሆኖ ይጻፋል። ዋጋው ሲለወጥ ለተከታዮቹ ብቻ ይነገራል፤ የኮረሪማው ረድፍ አይነካም። ስቲቭ ሳንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ኖክአውት በዚህ ይሠራ ነበር፤ ዋጋው ግን ፋንክሽን ሆኖ መጻፍ ነበረበት። ኢቫን ዩ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ቪዩ ዋጋው እንደ ተራ ኦብጀክት እንዲነበብና እንዲጻፍ አደረገ፤ ከጀርባ ግን እያንዳንዱን ንባብና ጽሕፈት ይጠብቃል። በቀድሞዎቹ የቪዩ እትሞች ጥበቃው የሚሠራው አስቀድመው ለታወቁ ባሕርያት ብቻ ነበር፤ ለዕቃው በኋላ «ቅናሽ» የሚል ባሕርይ ቢታከልለት ቪዩ አይሰማም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሦስተኛው እትም በ2015ቱ የጃቫስክሪፕት ደረጃ የገባውን ፕሮክሲ፣ ማለትም የኦብጀክትን ንባብና ጽሕፈት የሚጠልፍ መሣሪያ፣ ስለተጠቀመ ያ ክፍተት ተዘጋ። የኦብጀክትን ለውጥ ቋንቋው ራሱ እንዲያሳውቅ የቀረበ ሌላ ሐሳብ፣ ኦብጀክት ኦብዘርቭ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአቅራቢዎቹ ተነሥቷል። ዛሬ ይኸው የመስማት ዘዴ ሲግናል በሚል ስም ተስፋፍቷል፤ ሶሊድ የተባለው ፍሬምወርክ ተመሥርቶበታል፣ አዲሱ አንጉላርም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ይዞታል።

ተማሪ፦ ሦስተኛው መንገድ የሪአክት ነው?

መምህር፦ ነው። ጆርዳን ዎክ በፌስቡክ የሠራው ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ሲቀርብ ጥያቄውን ገለበጠው። «ምን ተለወጠ?» ከማለት ይልቅ «ዳታው አሁን እንዲህ ከሆነ ገጹ ምን መምሰል አለበት?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፖነንት ዳታ ተቀብሎ የገጽ መግለጫ የሚመልስ ፋንክሽን ነው። ስቴቱ፣ ማለትም ኮምፖነንቱ የሚይዘው ተለዋዋጭ ዳታ፣ ሲለወጥ ፋንክሽኑ እንደገና ይሠራል፤ ሪአክት አዲሱን መግለጫ ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ የተለያዩትን ቦታዎች ብቻ በብራውዘሩ ላይ ይቀይራል።

ተማሪ፦ በሪአክት ገጽ ላይ ወደ ዕቃዎቹ ዝርዝር አዲስ ዕቃ ተጨምሮ ገጹ ሳይለወጥ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መምህር፦ ሪአክት ስቴት ተለወጠ አልተለወጠ ብሎ ሲፈትሽ የዝርዝሩን ይዘት አይመረምርም፤ «ያው ዝርዝር ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ ብቻ ያያል። አዲሱ ዕቃ በነባሩ ዝርዝር ላይ ተገፍቶ ያው ዝርዝር ከተመለሰለት ምንም አልተለወጠም ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ የቀድሞዎቹንና አዲሱን ዕቃ የያዘ ሌላ ዝርዝር ተሠርቶ ይሰጠዋል። አንድ ዋጋ ሲለወጥም የዚያ ዕቃ አዲስ ቅጂ ከነአዲስ ዋጋው ይሠራል፤ ሌሎቹ ዕቃዎች እንዳሉ ወደ አዲሱ ዝርዝር ይገባሉ። ቪዩ ግን ጽሕፈቱን ራሱ ስለሚሰማ በነባሩ ዝርዝር ላይ መጨመር ይፈቅዳል። የመረጥሽውን መሣሪያ ሕግ ማወቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተማሪ፦ እስካሁን የተነገረው ከሞዴል ወደ ገጽ ስለሚሄደው ነው። ባለሱቋ በቅጹ ላይ አዲስ ዋጋ ስትጽፍ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነው። ቅጹ ሞዴሉን በቀጥታ ይለውጠው?

መምህር፦ ሁለት ልማድ አለ። በሁለት አቅጣጫ ትስስር የቅጹ ሣጥንና የሞዴሉ ዋጋ ይያያዛሉ፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ይከተላል። ቪ ሞዴል የተባለው የቪዩ ትእዛዝ ይህን በአጭር ይጽፋል። በአንድ አቅጣጫ ፍሰት ደግሞ ዳታ ከላይኛው ኮምፖነንት ወደ ታችኛው ፕሮፕ በሚባል መቀበያ ይወርዳል፤ የታችኛው ኮምፖነንት ዋጋውን ራሱ አይለውጥም፤ «ባለሱቋ ይህን ጻፈች» የሚል ኢቨንት ወደ ላይ ይልካል፤ ለውጡን የሚያደርገው የሞዴሉ ባለቤት ብቻ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 ፍላክስ ብሎ ያቀረበው፣ ዳን አብራሞቭና አንድሩ ክላርክም እ.ኤ.አ. በ2015 በሪደክስ ያጠበቁት ይህን ነው። ጥቅሙ ዋጋው ሲበላሽ ይታያል፤ ዋጋ የሚለወጥበት በር አንድ ስለሆነ ፍለጋው ከዚያው ይጀመራል።

ለአንድ አነስተኛ ቅጽ የሁለት አቅጣጫው ትስስር ምቹ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር ነው፦ ባለሱቋ 650 ልትጽፍ ስትጀምር መጀመሪያ 6፣ ቀጥሎ 65 ትጽፋለች። ሣጥኑ ከሱቁ ዋጋ ጋር በቀጥታ ከታሰረ በርበሬው ለቅጽበት 6 ብር ይሆናል። ስለዚህ ቅጹ የራሱ ረቂቅ ይኑረው፤ ረቂቁ ተፈትሾ «አስቀምጥ» ሲባል ብቻ ወደ ሞዴሉ ይግባ።

ተማሪ፦ ረቂቁ ሁለተኛ ቅጂ አይሆንም? እያንዳንዱ እውነታ አንድ ቤት ይኑረው ተብሎ ነበር።

መምህር፦ ሁለት የተለያዩ እውነታዎች ናቸው። «የሱቁ ዋጋ» አንድ ነገር ነው፤ «ባለሱቋ አሁን እየጻፈች ያለችው» ሌላ ነገር ነው። ሕጉ እንዲሠራ እውነታዎቹን በትክክል መለየት ያስፈልጋል። ከዚህ የሚከብደው የትእዛዙ ዋጋ ነው። ደንበኛዋ ትናንት በ600 ብር ያዘዘችው በርበሬ፣ ዛሬ ዋጋው 650 ቢሆንም ደረሰኟ ላይ 600 መሆን አለበት። ደረሰኙ የዛሬውን የዕቃ ዋጋ የሚያነብብ ከሆነ ያለፈ ውል በማግስቱ ይለወጣል። በዘንቢል ውስጥ ያለ ዕቃ የዛሬውን ዋጋ ያንብብ፤ ትእዛዙ ሲጸና ግን የተስማሙበት ዋጋ ከትእዛዙ ጋር ለብቻው ይመዝገብ።

ተማሪ፦ የዘንቢሉ ድምርስ የራሱ ቤት ይኑረው?

መምህር፦ ድምር ከዋጋና ከመጠን የሚሰላ ስለሆነ አይቀመጥም። ከተቀመጠ መጠኑ ተለውጦ ድምሩ ሳይታደስ የሚቀርበት ቀን ይመጣል። በቪዩ ኮምፒዩትድ በሚባለው፣ በሪአክት ኮምፖነንቱ በሚሠራበት ጊዜ በሚደረግ ስሌት ይወጣል። «ክምችቱ አልቋል» የሚለው ምልክትም ከክምችቱ ይሰላል እንጂ ለብቻው አይመዘገብም።

ተማሪ፦ ከቅጽ የሚመጣ ቁጥር አንዳንዴ የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

መምህር፦ ብራውዘሩ የሣጥኑን ይዘት የሚሰጠው እንደ ጽሑፍ ስለሆነ ነው። ጽሑፍ በሆነ 600 ላይ 50 ሲደመር ጃቫስክሪፕት 650 አይልም፤ ሁለቱን ገጣጥሞ 60050 ያደርገዋል። ወደ ቁጥር መለወጡና ባዶ፣ ከዜሮ በታች ወይም ፊደል የተቀላቀለበት መሆኑን መፈተሹ በድንበሩ ላይ፣ ረቂቁ ወደ ሞዴል ሲሻገር ይሠራል። ከድንበሩ ወዲህ ሞዴሉ የሚይዘው ንጹሕ ቁጥር ብቻ ነው።

ተማሪ፦ የዕቃ መፈለጊያው በአማርኛ ነው። እዚያስ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

መምህር፦ ሁለት ያስፈልጋል። አንደኛው አጻጻፍ ነው። አንዷ ደንበኛ «ሰሊጥ»፣ ሌላዋ «ሠሊጥ» ብላ ትፈልጋለች። በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደሎች፣ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን፣ ወደ አንዱ የሚመልስ የመፈለጊያ ቁልፍ ከስሙ ይሰላል። ስሙ ግን ባለሱቋ እንደጻፈችው ይታያል፤ ቁልፉ እንደ ድምሩ የሚሰላ ነው። ሁለተኛው የመጻፍ ሒደቱ ነው። በብዙ የአማርኛ መጻፊያዎች «ሰ» ከመውጣቷ በፊት «ስ» ትታያለች፤ አናባቢው ሲነካ ትለወጣለች። መፈለጊያው የመጻፊያው ቁልፍ በተነካ ቁጥር ከተነሣ ያላለቀ ፊደል ይዞ «አልተገኘም» ይላል። ብራውዘሮች የፊደል ማቀናበር መጀመሩንና ማለቁን የሚያሳውቁ ኢቨንቶች አሏቸው፤ የቪዩ ቪ ሞዴልም ማቀናበሩ እስኪያልቅ ሞዴሉን አያድስም። ሁሉም መጻፊያ እነዚህን ኢቨንቶች ስለማያስነሣ፣ ከመጨረሻው ቁልፍ በኋላ ለአፍታ ጠብቆ መፈለግ ይታከልበታል።

ተማሪ፦ ዝርዝሩ ሲደረደርስ? አንዱን ዕቃ ማጥፋት በሌላው ረድፍ የተጻፈውን ያዛውራል ይባላል።

መምህር፦ ይህ የሚሆነው ረድፎቹ በተራ ቁጥራቸው ሲታወቁ ነው። አንደኛው በርበሬ፣ ሁለተኛው ሽሮ፣ ሦስተኛው ኮረሪማ ይሁን። በሽሮው ረድፍ 500 ግራም ተጽፎ ሳለ በርበሬው ከዝርዝሩ ቢወጣ፣ ሽሮው አንደኛ፣ ኮረሪማው ሁለተኛ ይሆናል። ፍሬምወርኩ ሁለተኛውን ረድፍ «ያው ሁለተኛው» ብሎ ስለሚይዘው፣ በሣጥኑ የተጻፈው 500 ለኮረሪማው ይቀራል። ሪአክትም ቪዩም ለእያንዳንዱ ረድፍ ቁልፍ የሚጠይቁት ለዚህ ነው፤ ቁልፉ የዕቃው የማይለወጥ መለያ መሆን አለበት። ስም አይሆንም፤ ስም ይታረማልና።

ተማሪ፦ ቀንና ሰዓትስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሞዴሉ ይቀመጡ?

መምህር፦ ሞዴሉ የትእዛዙን ቅጽበት አንድ ጊዜ፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት ይይዛል፤ አቆጣጠሩ የእይታው ነው። በብራውዘሮች ያለው የጃቫስክሪፕት የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ፣ 13ቱን ወሮች ከነጳጉሜን በአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ማውጣት ይቻላል። ከጠዋት የሚጀምረውን የሰዓት አቆጣጠር ግን አይሰጥም፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት እይታው ራሱ ያሰላዋል። በውጭ አገር ሆና ለቤተሰቧ የምታዝዝ ደንበኛ ያንኑ ቅጽበት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብታየው ሞዴሉ አይለወጥም።

ተማሪ፦ የመጨረሻው ሰርቨሩ ነው። ዋጋው በሰርቨሩም በብራውዘሩም አለ። ቤቱ የትኛው ነው?

መምህር፦ ሰርቨሩ ነው። በብራውዘሩ ያለው ሞዴል የተወሰደ ቅጂ ስለሆነ ሊያረጅ እንደሚችል ታውቆ ይያዛል። ስለዚህ «እየመጣ ነው»፣ «መጥቷል»፣ «አልተሳካም» የሚሉት ሁኔታዎችም በሞዴሉ ይመዘገባሉ፤ ኮምፖነንቱ እያንዳንዱን ያሳያል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ባዶ ዝርዝር ማሳየት «ሱቁ ዕቃ የለውም» ማለት ይሆናል። ባለሱቋ ዋጋ ስትለውጥ መልሱ ሳይመጣ አዲሱን ዋጋ ለራሷ ማሳየት ይቻላል፤ ሰርቨሩ ካልተቀበለው ግን የቀድሞው ይመለሳል፤ እሷም ይነገራታል። ትእዛዝ ሲጸና ዋጋና ክምችት በሰርቨሩ እንደገና ይፈተሻሉ፤ ከብራውዘር የመጣ ዋጋ አይታመንም፤ ማንም ሊለውጠው ይችላልና።

ተማሪ፦ ሥራው ከየት ይጀመር?

መምህር፦ መጀመሪያ እውነታዎቹን ዘርዝሪ፤ የሚቀመጡትንና የሚሰሉትን ለይ። ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሁሉ አንድ ባለቤትና አንድ የመለወጫ በር ስጪ። ከዚያ ሞዴሉን ያለ ገጽ ፈትሺው፤ የሩብ ኪሎ በርበሬ ሒሳብ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አዝራር አያስፈልግም። ኮምፖነንቶቹን ከዚያ በኋላ ሥሪ፤ ዋጋ የሚያዩት ሁለት ኮምፖነንቶች ከሆኑ ስቴቱ ሁለቱን በያዘው የላይኛው ኮምፖነንት ይቀመጥ፤ በብዙ ገጾች የሚፈለግ ከሆነ ብቻ ወደ ጋራ ማከማቻ ይውጣ። ሪአክት፣ ቪዩ ወይም አንጉላር ብሎ መምረጡ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ ይህ ሁሉ ከተለየ በኋላ ከሦስቱ በየትኛውም ትስስሩ ይሠራል።